የሲሊካ ካባና የስምጥ ሸለቆ ውሃ

ብርሃን ነክ ቅንጣቶችን የመሸፈን ጥበብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የሐዋሳ ከተማ፣ ለጎብኚ ዓሣዋንና የዛፎቿን ጥላ፣ ለኬሚስት ደግሞ ሌላ የሚያስተውለው ነገር ታሳያለች። ሐይቋ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከገጸ ምድሩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። በሰሜን ምዕራብ በኩል የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ተንጣልሏል። ከዚያ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት በፍጥነት ቀዝቅዞ ጥቁር ባልጩት ሆኗል፤ ወደ ሰማይ የተረጨው ደግሞ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ሆኖ አካባቢውን አልብሶታል። የሁለቱም ዋና ክፍል ሲሊካ ነው። በሐይቁ ውስጥ የሚኖሩት፣ ዳያቶም የተባሉት ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎችም ከውሃው ያገኙትን ሲሊካ ቅርፊት አድርገው ይለብሱታል። እንግዲህ ሲሊካ በሐዋሳ አካባቢ በሦስት መልክ ይታያል፤ ዐለት ሆኖ ይቀመጣል፣ በውሃ ሟሙቶ ይሄዳል፣ ተመልሶም የሕያው ፍጥረት ልብስ ይሆናል።

ይህን ልብስ ከዳያቶም በኋላ የሰው ልጅም መስፋት ተምሯል። ብርሃንን መርጠው የሚውጡ፣ የሚበትኑ ወይም ራሳቸው የሚያበሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በስስ የሲሊካ ሽፋን ሲለበሱ ጽናታቸው እንደሚሻሻል በብዙ አገሮች ቤተ ሙከራዎች ተመስክሯል። ይሁን እንጂ ይህ ምስክርነት በአብዛኛው የተሰጠው በተጣራ ውሃ፣ በአልኮልና በታወቁ የላቦራቶሪ ፈሳሾች ውስጥ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ ጠባዩ የተለየ ነው። የዚህን ጥበብ ታሪክ መከታተል የሚጠቅመውም ስለዚሁ ነው፤ ታሪኩ በየምዕራፉ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለና። የሽፋን ጽናት የሽፋኑ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የሚገባበት ውሃም ጠባይ ነው።

ቀይ ወርቅ፣ ሰማያዊ ወርቅ

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በለንደን የንጉሣዊው ማኅበር ፊት ስለ ወርቅና ስለ ብርሃን ያሰማው ንግግር የዚህ ታሪክ መነሻ ሆኖ ይቈጠራል። ፋራዴይ የወርቅን ጨው በፎስፎረስ አማካይነት ወደ ወርቅነት ሲመልሰው፣ ብረቱ እንደሚታወቀው ቢጫ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሩቢ የቀላ ፈሳሽ ወጣው። ቀለሙ የመጣው በውሃው ውስጥ ከተበተኑት፣ ዓይን ሊያያቸው ከማይችላቸው የወርቅ ቅንጣቶች መሆኑን ተረዳ። በዚሁ ቀይ ፈሳሽ ላይ ጥቂት የገበታ ጨው በጨመረ ጊዜ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ፤ ጥቂት ቆይቶም ወርቁ ዘቀጠ። ጄላቲን ተጨምሮበት እንደ ሆነ ግን ለውጡ ይገታል።

በዚህ ቀላል ሙከራ ውስጥ የጉዳዩ ሦስት ዋና ነገሮች ተጠቃለው ይገኛሉ። አንደኛ፣ የቅንጣቱ ቀለም ከንጥረ ነገሩ ብቻ ሳይሆን ከመጠኑና ከጎረቤቱ ርቀትም ይመነጫል፤ የወርቅ ቅንጣቶች ተቀራርበው ሲጓጎሉ ቀለማቸው ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ የሚያራርቃቸው የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ጨው ይህን ሙል ሲያዳክመው ይጋጫሉ፣ ይያያዛሉ። ሦስተኛ፣ በመካከላቸው የሚገባ ለስላሳ ልብስ ከመጓጎል ያድናቸዋል። የመጀመሪያውን ነገር ጉስታፍ ሚ በ1908 በሒሳብ አስረዳው። ሁለተኛውን ዴርያጊንና ላንዳው በ1941፣ ቨርዌይና ኦቨርቤክ ደግሞ በ1948 ባወጡት ንድፈ ሐሳብ ተነተኑት። ሦስተኛውን ሪቻርድ ዚግሞንዲ በ1901 በልክ አስቀመጠው፤ በ10 ሚሊሊትር ቀይ ወርቅ ላይ 1 ሚሊሊትር የ10 በመቶ የገበታ ጨው ሲጨመር ቀለሙ እንዳይለወጥ የሚከላከል ነገር ምን ያህል ሚሊግራም እንደሚያስፈልግ በመመዘን «የወርቅ ቍጥር» የተባለውን መለኪያ አበጀ። ዚግሞንዲ የ1925ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ጸሐፍትም እንግዳ አልነበረም። የብራና ጥቁር ቀለም ከጥቀርሻ ሲበጅ፣ ጥቀርሻው ብቻውን ከውሃ ጋር እንደማይዋሐድ የሚያውቀው ጸሐፊ ከተቈላ እህልና ከሌላም ቅመም ጋር ለብዙ ጊዜ ያብላላው ነበር። ዓላማው ቅንጣቱ ሳይዘቅጥ ከብዕሩ ጫፍ እስከ ብራናው እንዲደርስ ነው። ነገር ግን ጄላቲንም ሆነ ሙጫ ወይም የእህል ገንፎ የጋራ ድካም አላቸው፤ ይበሰብሳሉ፣ ሙቀት ያፈርሳቸዋል፣ በጊዜ ብዛትም ከቅንጣቱ ላይ ይላቀቃሉ። የማይበሰብስ፣ ብርሃንን የማይከለክልና የራሱ ቀለም የሌለው ልብስ አስፈለገ። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ነገር በእግር ሥር ከሚረገጠው አሸዋ ውስጥ ተገኘ።

ከቀለም ፋብሪካው የመጣ ትምህርት

ቶማስ ግራሃም በ1861 «ኮሎይድ» የሚለውን ስም ባወጣበት ዘመን የሲሊካን አሲድ ከጨው አጥርቶ በውሃ ውስጥ ተበትኖ እንዲቆይ ማድረግ ችሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ሲሊካ ራሱ የሚጠበቅ ኮሎይድ እንጂ ሌላውን የሚጠብቅ ካባ ሆኖ አልታየም። ለውጡ የመጣው ከኢንዱስትሪ ነው።

የግድግዳና የመኪና ነጭ ቀለም ዋና ቅመም ታይታንየም ዳይኦክሳይድ ነው። የቅንጣቱ ስፋት ከ200 እስከ 300 ናኖሜትር ይደርሳል (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)፤ ይህም የሚታየውን ብርሃን አብልጦ እንዲበትን የተመረጠ መጠን ነው። ቅንጣቱ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲውጥ በገጹ ላይ ከውሃና ከኦክሲጅን ጋር ተባብሮ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ የተቆራረጡ ሞለኪውሎች ያመነጫል፤ እነዚህም በዙሪያው ያለውን የቀለሙን ማጣበቂያ ይበሉታል። ከጊዜ በኋላ ግድግዳው በእጅ ሲዳሰስ እንደ ጠመኔ ዱቄት ያራግፋል። ፀሐይ በበረታበት ደጋማ አገር፣ እንደ ሐዋሳ ባለ ከተማም ጭምር፣ ይህን ዱቄት በመዳፉ ያላየ የቤት ባለቤት ጥቂት ነው። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለወርቁ ካባ ያስፈለገው ቅንጣቱን ከውሃው ለመጠበቅ ነበር፤ ለታይታንየሙ ግን ዙሪያውን ከቅንጣቱ ለመጠበቅ ነው።

የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ራልፍ አይለር በ1959 ባገኘው የፈጠራ ባለመብትነት፣ ጥቅጥቅ ያለ የሲሊካ ቆዳ በሌላ ጠጣር እምብርት ላይ የሚገነባበትን ዘዴ ገለጠ። የዘዴው ምሥጢር ትዕግሥት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ቅንጣቶቹ በተበተኑበት ሙቅና አልካላይ ውሃ ውስጥ አዲስ የተዘጋጀ የሲሊካ አሲድ በቀስታ ይጨመራል። አጨማመሩ የፈጠነ እንደ ሆነ ሲሊካው ለብቻው ተሰብስቦ የራሱን ቅንጣት ይሠራል፤ የዘገየ እንደ ሆነ ግን ማረፊያ የሚያገኘው በተዘጋጀው ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሽፋኑ ሳይቋረጥ እየተጠጋገነ ያድጋል። አልካላዩ ሲሊካውን በመጠኑ እያሟማ መልሶ ያስቀምጠዋልና ቀዳዳው ይደፈናል። ሲሊካን የሚገነባው አልካላይ መልሶ ሊያፈርሰው የሚችል መሆኑም በዚያው በዘዴው ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ መመለስ ግድ ይሆናል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ ቨርነር ሽቶበር፣ አርተር ፊንክና ኤርንስት ቦን ሌላ መንገድ አሳዩ። አልኮል፣ ጥቂት ውሃ፣ አሞኒያና ቴትራኤቶክሲሲሌን የተባለው የሲሊከን ውሑድ በተወሰነ መጠን ሲቀላቀሉ፣ መጠናቸው እኩል የሆነ ድቡልቡል የሲሊካ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ የቅልቅሉ መጠን ሲለዋወጥ ከ50 ናኖሜትር ገደማ እስከ 2 ማይክሮሜትር ያለውን ስፋት መርጦ መሥራት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የመጣው የሽፋን ሥራ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ መንገዶች፣ ከአይለርና ከሽቶበር፣ አንዱን ወይም ሁለቱንም አጣምሮ የያዘ ነው።

የወርቅና የሲሊካ እርቅ

ወርቅን በሲሊካ መሸፈን ቀላል አልነበረም። ወርቅ እንደ ብዙ ብረቶች በገጹ ላይ የኦክሳይድ ቆዳ ስለማያበጅ ሲሊካ የሚይዘው እጅ አያገኝም፤ በጨው መጠቅለልን የሚፈራውን ቀይ ወርቅ በቀጥታ አልኮል ውስጥ መጨመርም ማጓጎል ነው። ሉዊስ ሊስ-ማርሳን፣ ሚካኤል ጊርሲግና ፖል ሙልቫኒ በ1996 ያሳተሙት ሥራ ይህን ችግር በሦስት ደረጃ ፈታው። በመጀመሪያ በአንድ ጫፉ ወርቅን፣ በሌላው ጫፉ ሲሊካን የሚወድ ሞለኪውል በቅንጣቱ ላይ እንዲሰፍር ተደረገ፤ ይህ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ በሁለቱ መካከል የሚቆም ነው። ቀጥሎ ከሶዲየም ሲሊኬት የተገኘ ሲሊካ በውሃ ውስጥ በቀስታ ሁለትና ሦስት ናኖሜትር የሆነ ስስ ቆዳ አበጀለት። በመጨረሻ ቅንጣቱ ያለ ስጋት ወደ አልኮል ተሻግሮ በሽቶበር መንገድ የተፈለገውን ያህል እንዲወፍር ሆነ።

ካባው ቀለሙን እምብዛም አልነካውም። 15 ናኖሜትር ገደማ የሆነ የወርቅ ቅንጣት በውሃ ውስጥ አብልጦ የሚውጠው 520 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው። ሲሊካ ብርሃንን የመስበር ኃይሉ 1.45 ገደማ ሲሆን የውሃ 1.33 ነው፤ ስለዚህ የቀለሙ መለወጥ በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ይወሰናል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ሆነ። የተሸፈነው ወርቅ ጨው ቢጨመርበት ቀይ ሆኖ ይቆያል፤ ቅንጣቶቹ ቢነካኩ እንኳ የሚነካኩት ካባዎቹ እንጂ እምብርቶቹ አይደሉምና። ፋራዴይ በ1857 ያየው ሰማያዊ ለውጥ ከ139 ዓመት በኋላ በሁለት መዳፍ አሸዋ ተገታ ለማለት ያስደፍራል።

በ2003 ክርስቲና ግራፍና የሥራ ጓደኞቿ ፖሊቪኒልፒሮሊዶን የተባለውን ፖሊመር አስታራቂ አድርገው፣ ለልዩ ልዩ ቅንጣቶች በአንድነት የሚሠራ አጭር መንገድ አቀረቡ። በ2010 ደግሞ በቻይና የሻመን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ከሌሎች ጋር ሆነው፣ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ ቀዳዳ የሌለው የሲሊካ ቆዳ የለበሰ ወርቅ በብርቱካን ልጣጭ ላይ የቀረ የተባይ ማጥፊያን ለመለየት እንደሚያገለግል አሳዩ። እዚህ ላይ ካባው ወርቁን ከሚመረመረው ነገር ይለያል፤ ሆኖም በጣም ስስ ስለሆነ የወርቁን የብርሃን ኃይል አያግድም።

ራሱ የሚያበራ ቅንጣት

ኳንተም ነጥብ የሚባሉት ከፊል አስተላላፊ ቅንጣቶች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። አሌክሲ ኤኪሞቭ በ1980ዎቹ መባቻ፣ የብርሃኑ ቀለም ከቅንጣቱ መጠን ጋር እንደሚለዋወጥ ያስተዋለው በመስታወት ውስጥ በበቀሉ ደቃቅ ክሪስታሎች ላይ ነበር። እንግዲህ የዚህ ወገን የመጀመሪያዎቹ ቅንጣቶች ከመወለዳቸው ጀምሮ የሲሊካ ልብስ የለበሱ ነበሩ ማለት ነው። ሉዊስ ብረስ ይህንኑ ጠባይ በ1983 በፈሳሽ ውስጥ በተበተኑ ቅንጣቶች ላይ አሳየ፤ ሙንጊ ባዌንዲም በ1993 መጠናቸው እኩል የሆኑትን ለመሥራት የሚያስችል ዘዴ ገለጠ። ሦስቱ የ2023ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

በፈሳሽ የተሠሩት ነጥቦች ከመስታወት ስለወጡ ራቁታቸውን ቀሩ። ኦክሲጅንና ብርሃን ገጻቸውን ያጠቃል፤ ብርሃናቸው ይደክማል፤ ካድምየም ያለባቸው እንደ ሆነ መርዙ ወደ ውሃው ሊወጣ ይችላል። በ1998 በካሊፎርኒያ የፖል አሊቪሳቶስ ባልደረቦች በሲሊካ የተሸፈኑ ሁለት ዓይነት ነጥቦችን በአይጥ ሕዋሳት ላይ ተጠቅመው፣ አንዱን ክፍል በቀይ፣ ሌላውን በአረንጓዴ ብርሃን ለይተው አሳዩ። በዚያው ዓመት ሊስ-ማርሳንና የሥራ ጓደኞቹ ካድምየም ሰልፋይድን በሲሊካ ሸፍነው በብርሃን ምክንያት የሚደርሰውን መፍረስ መቀነስ እንደሚቻል አመለከቱ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ምዕራፍ የተገኘው ትምህርት ከምስጋና ጋር ማስጠንቀቂያም ያለበት ነው። በእነዚህ መንገዶች የተሠራ ሲሊካ እንደ መስኮት መስታወት ድፍን አይደለም፤ ውስጡ ደቃቅ ቀዳዳ ስላለው ቅንጣቶችን ከመጓጎል ቢያግድም ትናንሽ ሞለኪውሎችን ፈጽሞ አያግድም። ሽፋኑን ለማልበስ የሚደረገው ሥራ ራሱ የነጥቦቹን የብርሃን ብቃት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ በነጥቡና በሲሊካው መካከል ዚንክ ሰልፋይድን የመሰለ ሌላ ቆዳ ማስገባት ልማድ ሆነ። ከ2015 ወዲህ ብዙ ምርምር የተካሄደባቸው የሲዝየም፣ የእርሳስና የብሮሚን ክሪስታሎች ደግሞ ውሃ ስለሚያፈርሳቸው፣ ሲሊካውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ውሃ ራሱ ጠላት ይሆናል። ካባው ሳይሰፋ ባለካባው ይሞታል እንደ ማለት ነው።

ዳያቶም የሚመሰክረው

ሲሊካ በውሃ ውስጥ እስከ መቼ ይቆያል ለሚለው ጥያቄ ጥንታዊው መልስ የሚገኘው በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ ወለል የተቆፈረ ደለል በ1990ዎቹ ተመርምሮ፣ በውስጡ የተጠበቁት የዳያቶም ቅርፊቶች ሐይቁ በቀድሞ ዘመናት የነበረውን የጨው መጠን ለመገመት አገልግለዋል። ከዚህ የሚታየው በምቹ ሁኔታ ሥር እጅግ ስስ የሆነ የሲሊካ ቅርፊት ለሺህ ዓመታት ሊኖር እንደሚችል ነው። በጣም አልካላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ግን ቅርፊቱ ሟሙቶ ዘሩ ሳይታወቅ ይጠፋል፤ የሐይቅ ታሪክ አጥኚዎች በሶዳ ሐይቆች ላይ ሲሠሩ የሚጠነቀቁት ስለዚሁ ነው።

ጆይስ ሌዊን በ1961 ያሳተመችው ጥናት የነገሩን ውስጠ ምሥጢር ገለጠ። ሕያው ዳያቶም ሲሊካውን ለውሃው አይሰጥም፤ ከሞተና የሸፈነው ለስላሳ አካል ከተወገደ በኋላ ግን መሟሟት ይጀምራል። እንደ አልሙኒየምና ብረት ያሉ ንጥረ ነገሮች በቅርፊቱ ገጽ ላይ ሲያርፉ መሟሟቱ ይዘገያል፤ በአሲድ ታጥበው ሲወገዱ ይፈጥናል። አይለርም በ1973 ከሌላ አቅጣጫ ተነሥቶ፣ በሲሊካ ገጽ ላይ የተቀመጠ ጥቂት አልሙና የሲሊካውን የመሟሟት መጠን እንደሚቀንስ አስረዳ። የነጭ ቀለም አምራቾችም በሲሊካው ላይ የአልሙና ንብርብር መጨመርን፣ ለሌላም ጥቅም ቢሆን፣ ልማድ አድርገውት ነበር። የሐይቅ ተመራማሪዋና የፋብሪካው ኬሚስት ሳይነጋገሩ ወደ አንድ ነጥብ ደረሱ፤ ሲሊካ ካባ እንደ መሆኑ መጠን ራሱ ደግሞ ካባ ይፈልጋል።

ካባው በስምጥ ሸለቆ ውሃ

ጉዳዩ ከዚህ ላይ ወደ ሐዋሳ ይመለሳል። የስምጥ ሸለቆው ብርጭቆማ ዐለት በውሃ ሲበላ ሲሊካን፣ ሶዲየምን፣ ባይካርቦኔትንና ፍሎራይድን በአንድነት ይለቅቃል። በውሃው ውስጥ ካልሲየም ስለሚያንስ ፍሎራይዱን አስሮ የሚያዘቅጠው አይገኝም። ስለዚህ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ አብዛኛውን ጊዜ አልካላይም ነው፤ ከጥልቅ የሚወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ሞቃት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 በስምጥ ሸለቆ የተስፋፋውን የፍሎሮሲስ በሽታ በሰፊው ካስታወቁ ወዲህ፣ የሕፃናት ጥርስ መበለዝና የአዋቂዎች አጥንት መጉበጥ ከመጠጥ ውሃ ጋር ያለው ትስስር የአደባባይ ምስጢር ሆኗል። የዓለም የጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ የፍሎራይድ መጠን ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህን በመንደር ጉድጓድ አጠገብ፣ በቀለም ለውጥ ብቻ፣ በርካሽ ለመለየት የሚያስችሉ ቅንጣቶችን መሥራት የብዙ ላቦራቶሪዎች ተስፋ ነው። እንግዲህ በሲሊካ የተሸፈነው ቅንጣት በጣም የሚፈለግበት ውሃ፣ ሲሊካን በጣም የሚፈታተነው ውሃ ሆኖ ይገኛል።

ፍሎራይድ ራሱ መስታወትን እንደሚበላ የሚያውቅ አንባቢ ጥፋቱን በእርሱ ሊያሳብብ ይችላል። ነገር ግን ፍሎራይድ ሲሊካን አጥብቆ የሚያጠቃው በአሲድ ውስጥ ነው። በአልካላይ ውሃ ዋናው አፍራሽ ሃይድሮክሳይድ ነው። ቅርጽ አልባ ሲሊካ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በገለልተኛ ውሃ ውስጥ በሊትር 120 ሚሊግራም ገደማ ይሟሟል፤ በ100 ዲግሪ ከሦስት እጥፍ ያላነሰ ይሆናል። የሲሊካ አሲድ የመጀመሪያ የመከፋፈል ልኬት 9.8 አካባቢ ስለሆነ፣ ፒኤች 8.8 ሲደርስ የመሟሟት መጠኑ በአንድ አሥረኛ ብቻ ይጨምራል፤ በ9.8 እጥፍ ይሆናል፤ በ10.8 አሥራ አንድ እጥፍ ይደርሳል። እንደ ሐዋሳ ባለ በመጠኑ አልካላይ በሆነ ሐይቅና እንደ ሻላ ባለ የሶዳ ሐይቅ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ቍጥር ይታያል።

ነገሩን በስሌት ማየት ይጠቅማል። 15 ናኖሜትር የሆነ የወርቅ ቅንጣት 10 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ካባ ቢለብስ፣ የካባው ይዘት ከወርቁ 11.7 እጥፍ ይሆናል። በአንድ ሊትር ውስጥ 49 ሚሊግራም ወርቅ ቢኖር፣ ይህም በቤተ ሙከራ የተለመደ መጠን ነው፣ የካባው ጠቅላላ ክብደት 60 ሚሊግራም ገደማ ነው። ይህ ደግሞ ከ120 ሚሊግራም ያንሳል። ስለዚህ በንጹሕ ውሃ ውስጥ እንኳ፣ ጊዜ ከተሰጠው፣ ካባው በሙሉ ሊሟሟ ይችላል ማለት ነው። በምርመራ ጊዜ ፈሳሹ በአሥር እጥፍ ሲቀጥን ካባው ወደ 6 ሚሊግራም ይወርዳል፤ አደጋውም በዚያው መጠን ይጨምራል። ካባውን አቁሞ የሚያኖረው የመሟሟቱ አዝጋሚነት ብቻ ነው። አልካላይነት፣ ሙቀትና የሶዲየም ጨው ደግሞ ይህን አዝጋሚነት ያፋጥኑታል።

በሌላ በኩል የስምጥ ሸለቆ ውሃ አስቀድሞ ከዐለቱ ብዙ ሲሊካ አሟሙቶ ይዟል። የጠገበ ውሃ ተጨማሪ ለማሟማት አይጣደፍም። ይህ እውነት ከሆነ ዘንድ በአንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ ካባው በተጣራ ውሃ ውስጥ ከሚቆየው የበለጠ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱ ኃይሎች፣ የአልካላዩ መብላትና የተሟሟው ሲሊካ መግታት፣ በየጉድጓዱ የሚኖራቸው ሚዛን የተለያየ ነው። በሩቅ አገር የተጻፈ የጽናት ሠንጠረዥ ይህን ሚዛን ሊናገር አይችልም፤ የሚናገረው በቦታው የሚደረግ ፈተና ነው።

ፈተናውም ከባድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ከካባው የሚለቀቀውን ሲሊካ በማንኛውም የውሃ ላቦራቶሪ በሚታወቀው የሞሊብዴት ዘዴ በቀለም መለካት ይቻላል፤ ውሃው አስቀድሞ የያዘውን መቀነስና፣ የመስታወት ጠርሙስ ራሱ ሲሊካ ስለሚለቅ በፕላስቲክ ዕቃ መጠቀም ብቻ ያስፈልጋል። ካባው መሳሳቱን ለማየት ደግሞ የፋራዴይ ጨው ዛሬም አገልጋይ ነው። የተሸፈነው ወርቅ በየቀኑ ጥቂት ተቀድቶ ጨው ሲጨመርበት ቀይ ሆኖ ከቆየ ካባው አለ፤ ሰማያዊ የሆነ ዕለት ካባው አልቋል። እንዲህ ያለው ሥራ በ1976 የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ተጀምሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ለሆነው ለሐዋሳው ተቋምም ሆነ ለሌሎች የአገሪቱ ቤተ ሙከራዎች ከአቅም በላይ አይደለም።

መደምደሚያ

ከፋራዴይ ጄላቲን እስከ አይለር ጥቅጥቅ ቆዳ፣ ከሽቶበር ድቡልቡል እስከ ኳንተም ነጥብ የተጓዘው ታሪክ ሲጠቃለል፣ እያንዳንዱ እርምጃ የተገኘው ቅንጣቱን ብቻ ሳይሆን ቅንጣቱና ዙሪያው የሚገናኙበትን ገጽ በመመርመር ነው። ለወርቁ ጠላቱ ጨው ነበር፤ ለታይታንየሙ ፀሐይ፤ ለካድምየሙ ኦክሲጅን። ለሲሊካው ራሱ ደግሞ ጠላቱ አልካላይ ነው፤ አልካላይ የሆነው ውሃ ያለውም በስምጥ ሸለቆ ነው። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ገና ያልተጻፈ ምዕራፍ ቢኖር፣ ለመጻፍ የቀረበው በዚያ ውሃ ዳር የሚኖረው ባለሙያ ነው። የሚያስፈልገው ልክ በእጁ አለ፤ የሚፈተነው ውሃ በደጁ ነው። የጥርሱን መበለዝ በመስታወት የሚያየው የመንደር ልጅም ውጤቱን ይጠብቃል።